እማዬን ከነስኩተሯ አላስካ ክሩዝ ልወስዳት ነው፤ የሄዳችሁ ምከሩኝ

የሲያትሏ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ካስቸገራት ወዲህ ቤት ውስጥ በከዘራ ጥቂት ትራመዳለች፤ ከቤት ስንወጣ ግን በኤሌክትሪክ ስኩተር ነው። የዱር እንስሳ ነፍሷ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ዓሣ ነባሪ ከታየ ወጡ ይረር እንጂ ከፊቱ አትነሳም።

የምንኖረው ሲያትል ነው። የአላስካ መርከቦች ከፒር 66 እና ከፒር 91 ሲነሱ ሰመሩን ሙሉ እናያለን። «እነዚህ ሰዎች ምን አይተው ይመለሱ ይሆን?» ትለኛለች ሁልጊዜ። ዘንድሮ ልወስዳት ቆርጫለሁ።

ወኪሉን ስጠይቀው «ለዊልቸር ይመቻል» አለኝና ነገሩን ዘጋው። እኔ ግን አልጠገብኩም። ስኩተሩን ትያዝ ወይስ የሚታጠፍ ዊልቸር? ከመርከብ መውረድ ትችላለች? እንስሳቱንስ የት ሆና ነው የምታየው? ደግሞስ መቼ ብንሄድ ይሻላል?

ጎማ በጎማ፦
እህቴ፣ እኔ በፖሊዮ ምክንያት ከልጅነቴ ጀምሮ ዊልቸር ላይ ነኝ። አላስካንም በመርከብ አይቻለሁ። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

«ይመቻል ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። ሁሉም «አዎ» ነው የሚልሽ። በቁጥር ጠይቂ። የካቢኑ በር ስንት ሴንቲ ሜትር ይሰፋል? ተራ ካቢኖች በራቸው ብዙ ጊዜ 60 ሴንቲ አይሞላም፤ ለዊልቸር የተሠሩት 81 ሴንቲ አካባቢ ናቸው። መታጠቢያው ደፍ አለው ወይስ እየነዱ የሚገቡበት ነው? ስኩተሩ በአልጋውና በግድግዳው መሃል ይዞራል? ወደ በረንዳው መውጫ ራምፕ (ለጎማ የሚሆን ዘንበል ያለ መሸጋገሪያ) አለው? መልሱን በኢሜይል እንዲጽፉልሽ አድርጊ። በስልክ የተባለ ነገር ወደቡ ላይ ማንም አያስታውሰውም።

ስኩተሩ ሌሊት የሚያድረው ካቢኑ ውስጥ ነው። ኮሪደር ላይ ማቆም ክልክል ነው፤ አደጋ ቢመጣ ሰው የሚወጣበትን መንገድ ይዘጋልና። ስለዚህ «ተራ ካቢን ይዘን ስኩተሩን ደጅ እናቆመዋለን» የሚል ሐሳብ ካለሽ ከአሁኑ ተዪው። ለዊልቸር የተሠሩት ካቢኖች በየመርከቡ ጥቂት ስለሆኑ ቀድመው ያልቃሉ። ዛሬ ነገ አትበይ።

ሕጉም ከጎንሽ ነው። መርከቦቹ አብዛኞቹ የሌላ አገር ባንዲራ ነው የሚያውለበልቡት። ቢሆንም በፈረንጅ 2005 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ በአሜሪካ ውኃ ላይ የሚሠሩ የውጭ መርከቦችንም ይመለከታል ብሎ ወስኗል። ስትጠይቂ እንደ ለማኝ አንገትሽን አትድፊ።

አሁን ወደ እንስሳቱ ልምጣ። ለእናትሽ የሚሻለው ግሌሸር ቤይ ብሔራዊ ፓርክ የሚገባው ጉዞ ነው። ሁሉም መርከብ አይገባም፤ ፓርኩ በቀን ሁለት ትልልቅ መርከብ ብቻ ነው የሚፈቅደው። እዚያ ቀን ማንም ከመርከብ አይወርድም። ወደብ የለም፣ አውቶቡስ የለም፣ ደረጃ የለም። የፓርኩ ጠባቂዎች (ሬንጀሮች) ራሳቸው በትንሽ ጀልባ መጥተው ይሳፈሩና ቀኑን ሙሉ በድምፅ ማጉያ ያስረዳሉ። እኔ እዚያ ቀን ከማንም እኩል ነበርኩ። ከማንም!

መግቢያው አካባቢ ኦተር የሚባሉ ፀጉራም የባሕር እንስሳት በጀርባቸው ተንጋለው ይንሳፈፋሉ። ሳውዝ ማርብል በምትባለው ደሴት የባሕር አንበሶች ተደራርበው ይጮሃሉ፤ ከማየትሽ በፊት ሽታቸው ይደርስሻል። ገደሎቹ ላይ ነጫጭ የተራራ ፍየሎች አሉ። ዳርቻው ላይ ድብ ሊታይ ይችላል። መጨረሻ ላይ ማርጀሪ የተባለው የበረዶ ግግር ፊት ትደርሳላችሁ። ከውኃው በላይ 75 ሜትር ያህል ይቆማል፣ ስፋቱ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መርከቡ እዚያ ቆሞ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ በሁለቱም ጎን ያለ ሰው ያየዋል። ቦታ ለመያዝ መሯሯጥ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ማንም አይነግርሽም፤ የዴኩ፣ ማለትም ሰው ቆሞ ባሕሩን የሚያይበት የመርከቡ ክፍት ወለል አጥር። ብዙ መርከብ ላይ የአጥሩ የላይኛው ብረት የሚያርፈው ልክ ቁጭ ያለ ሰው ዓይን ላይ ነው። የቆመው ሁሉ ባሕሩን ሲያይ አንቺ ብረት ታያለሽ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ወደብ ላይ ሳላችሁ፣ ዴኮቹን አብራችሁ ዙሩ። አጥሩ መስታወት የሆነበትን ጎን ፈልጉ። ወደዚያ የሚያወጣው በር ራሱ የሚከፈት መሆኑንም እዩ። አንዳንዱ በር ከባድ ነው፣ ደፉም ስኩተሩን ከሥር ይይዘዋል። የግግሩ ቀን ጠዋት ይህን መፈለግ አያዋጣም።

ነርሷ፦
ጎማ በጎማ ሁሉን ብሎታል፤ እኔ በሙያዬ ትንሽ ልጨምር።

ሐምሌም ቢሆን እዚያ ሙቀቱ ከ10 እስከ 18 ዲግሪ ነው። በረዶው አጠገብ ደግሞ ነፋሱ ይጋረፋል። የሚራመድ ሰው ሲንቀሳቀስ ይሞቀዋል፤ የተቀመጠ ሰው ግን ከእግሩ ጀምሮ ይቀዘቅዛል። ለእናትሽ ወፍራም ካልሲ፣ ጓንት፣ ውኃ የማያስገባ ጃኬት ያዢ። ጋቢ ደግሞ የግድ ነው። ስትጠቀልሉት ግን ጫፉን ከጎማው አርቁት፤ ስኩተር ጎማ ውስጥ ገብቶ ያየሁት ነገር ነው።

መድኃኒቷ በሻንጣ አይግባ። ሻንጣው ካቢን ሳይደርስ ሊመሽ ይችላል። ለባሕር ሕመም የሚሰጠው ክኒን እንቅልፍ ስለሚያመጣ ከሌላው መድኃኒቷ ጋር እንዳይጋጭ ሐኪሟን ቀድመሽ ጠይቂ። እንቅልፍ የያዘው ሰው ስኩተር አይንዳ።

የመጀመሪያው ቀን የአደጋ ጊዜ መሰብሰቢያ ይታያል። እዚያ ስትሄዱ «ሊፍት ባይሠራ እናቴን በምን ታወርዳላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ደረጃ የሚወርድ ወንበር አላቸው። የማን ኃላፊነት እንደሆነ አውቀሽ ግቢ።

አባ ቀጥታ፦
ቅር አይበላችሁና እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ። እናት በዚህ ዕድሜዋ እረፍት ነው የሚያስፈልጋት። ስኩተር እየጎተቱ፣ ሊፍት እየጠበቁ፣ የሰው ዓይን እየበላት ምን ደስታ አለው? ለዚያ ሁሉ ገንዘብ አገር ቤት ሄዳ ዘመድ ጠይቃ ብትመለስ አይሻልም? ዓሣ ነባሪውን ቴሌቪዥን ላይም ታየዋለች።

ጎማ በጎማ፦
ወንድሜ አባ ቀጥታ፣ በቅንነት እንዳልከው ይገባኛል። ግን ይህን አነጋገር ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼዋለሁ። «አትድከም፣ እኛ አይተን እንነግርሃለን» ይሉኝ ነበር። ሰው ከንፈሩን ይመጥብናል ብለን ቤት የቀረንበት ዘመን ይበቃናል። አገር ቤት መሄዱም መልካም ነው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ሴትየዋ መርከቡን እያዩ «ምን አይተው ይመለሱ ይሆን?» ይላሉ እኮ። እሳቸውን ነው መስማት ያለብን።

ቴሌቪዥን ያልከው ላይ ደግሞ፣ ዓሣ ነባሪ ሲተነፍስ ድምፁ በውኃው ላይ ተንከባሎ ይመጣል። ጸጥ ባለ ቀን ከሩቅ ትሰማዋለህ። መጀመሪያ ጆሮህ ነው የሚያዞርህ፣ ዓይንህ ኋላ ነው የሚያገኘው። ይህን ቴሌቪዥን አይሰጥህም።

የጁኖ ሹፌር፦
እኔ የአላስካ መርከቦች ከሚቆሙባቸው ከተሞች አንዷ በሆነችው ጁኖ በሰመር የአስጎብኚ አውቶቡስ ነድቻለሁ። ዊልቸርና ስኩተር የያዙ እንግዶችን በየቀኑ ማለት ይቻላል እጭን ነበር። ስለ ወደቦቹ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ጁኖ ትልቁ ጥያቄ የዓሣ ነባሪ ጀልባው ነው። የሚነሳው ከከተማው ወጣ ብሎ ኦክ ቤይ ከምትባል ወደብ ነው። ጀልባው የሚታሰረው ተንሳፋፊ መድረክ ላይ ነው፤ መድረኩ ከውኃው ጋር ይወጣል ይወርዳል። ወደ መድረኩ የሚያወርደው መሸጋገሪያ ግን አንድ ጫፉ መሬት ላይ የታሰረ ነው። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ልዩነቱ በአንዳንድ ቀን ከ6 ሜትር ያልፋል። ሲሞላ መሸጋገሪያው ከመሬት እኩል ነው ማለት ይቻላል። ሲጎድል ያው መሸጋገሪያ ገደል ይሆናል። ጠዋት በሰላም የሄደ ዊልቸር ከሰዓት ሲመለስ ሁለት ጎረምሳ እየገፋው አልወጣ ሲል አይቻለሁ።

ሕጉ ለራምፕ ከ1 ለ12 በላይ እንዳያዘነብል ይላል፤ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ማለት ነው። ለጀልባ መሸጋገሪያ ግን ርዝመቱ 24 ሜትር ከሞላ ያንን ልክ አያስገድድም። ስለዚህ «ሕጉን አሟልቷል» ቢሉሽም ቁልቁለት ሊገጥምሽ ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ሰዓት ለዓመቱ ሙሉ ተሠርቶ በኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ጁኖ የምትደርሱበትን ቀን ፈልጊና መነሻና መመለሻው ሙላቱ አካባቢ የሚውልበትን ጉዞ ያዢ። ጉዞው እንደ ድርጅቱ ሁለት፣ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሁለቱንም ጫፍ አስቢ። መሸጋገሪያው ዘንበል ካለ ዊልቸሩ በጀርባ ነው የሚወርደው፣ ረዳቱ ከታች ሆኖ። ወደ ጀልባው የሚያስገባው ደፍ ስንት ሴንቲ እንደሆነ፣ መቀመጫዋ መስኮት አጠገብ መሆኑንም ጠይቂ። እዚህ ላይ ስኩተር አልመክርም። ብዙዎቹ ጀልባዎች አይቀበሉትም፣ ይከብዳል። የሚታጠፍ ቀላል ዊልቸር ይሻላል።

ጀልባው ለዓሣ ነባሪው ከ91 ሜትር ባነሰ ርቀት እንዲጠጋ ሕግ አይፈቅድም። ግን ሞተሩ ጠፍቶ ሲቆም ዓሣ ነባሪው ራሱ ሊቀርብ ይችላል። አንዳንዴ ተባብረው አረፋ እየነፉ ትንንሽ ዓሣዎችን ይከባሉ፤ ከዚያ አፋቸውን ከፍተው ከሥር በአንድነት ይወጣሉ። የወፎቹን ጩኸት ተከተዪ፣ ወፍ የተሰበሰበበት ቦታ ነው የሚወጡት።

ጀልባው ካልሆነላችሁ ሐዘን አያስፈልግም። ሜንደንሆል የበረዶ ግግር ጋ የሚወስደውን አውቶቡስ ያዙ። ዊልቸር የሚያነሳ ሊፍት ያለውን ቀድማችሁ አሳውቁ፣ በዕለቱ ብትጠይቁ ላይገኝ ይችላል። እዚያ ስቲፕ ክሪክ የሚባል ወንዝ ላይ ከእንጨት የተሠራ ደልዳላ መንገድ አለ። ስኩተር እንደልቡ ይሄድበታል። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ቀያይ ሳልሞኖች ወንዙን ይወጣሉ፤ ጥቁር ድቦች እነሱን ፍለጋ ይመጣሉ። ከላይ ሆነሽ ከሥርሽ ድብ ዓሣ ሲያጠምድ ታያለሽ። እኔ ከዓሣ ነባሪው ይልቅ ይህን እወዳለሁ።

ስለ ሌሎቹ የአላስካ ወደቦች በአጭሩ። ስካግዌይ ያለው የድሮ ባቡር ዊልቸር የሚያነሳ ሊፍት ያላቸው ፉርጎዎች አሉት። ኬቺካን መርከቡ የሚቆመው መሃል ከተማ ነው ወይስ ዋርድ ኮቭ የሚለውን እዩ፤ ዋርድ ኮቭ ከሆነ ወደ ከተማ አውቶቡስ አለው፣ ሊፍት ያለውን ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ «ቴንደር» የሚል ቃል ጉዞው ዝርዝር ላይ ካያችሁ ንቁ። መርከቡ መሃል ባሕር ላይ ቆሞ ሰው በትንሽ ጀልባ ይመላለሳል ማለት ነው። ከባድ ስኩተር አይጭኑም፤ ማዕበል ከተነሳ ዊልቸርም ይከለክላሉ። ካፒቴኑ በዕለቱ ነው የሚወስነው። በሁሉም ወደብ ዳር የሚቆም ጉዞ ፈልጉ።

የሲያትሏ ልጅ፦
እግዜር ይስጣችሁ። እማዬ ጎኔ ቁጭ ብላ እያነበብኩላት ነው። የድቡን ስትሰማ «እዚያ ብቻ ብታደርሺኝ ይበቃኛል» አለች።

አንድ ነገር ግን አስጨንቆኛል። እሷ ጾም አታፈርስም። ነሐሴ ላይ የነበረው ዋጋ ጥሩ ነበር፣ ግን ፍልሰታ ነው። በፍልሰታ ደግሞ ቅዳሴ ትሄዳለች እንጂ መርከብ አትወጣም።

ነርሷ፦
የኔ እናት፣ መስኮት አላችሁ እኮ! የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ በፈረንጅ ጁላይ 12 ማለት ነው። ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1፣ ኦገስት 7 ነው። በመሃል ያለው ወር ከረቡዕና ዓርብ በቀር ፍስክ ነው። የጁኖ ሹፌሩ ያለው ሳልሞንና ድብ የሚመጡት፣ ዓሣ ነባሪውም በብዛት የሚገኘው ያኔ ነው። ለረቡዕና ዓርቡ ከመሳፈራችሁ በፊት ለመርከቡ ምግብ ቤት በጽሑፍ አሳውቂ። «ሥጋ የለበትም» ብቻ ካልሽ ቅቤና ወተት ያመጡልሻል። «ቪጋን» ካልሽ ይገባቸዋል።

ለእናትሽ ደግሞ ይህን ንገሪልኝ። እነዚያ ዓሣ ነባሪዎች ክረምታቸውን ሃዋይ ነው የሚያሳልፉት፤ እዚያ ይወልዳሉ፣ ግን ምንም አይበሉም ማለት ይቻላል። ከዚያ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ዋኝተው አላስካ መጥተው ያፈጥራሉ። ጾመኛ ጾመኛን ማየቷ ነው።

የሲያትሏ ልጅ፦
እማዬ ይህን ሰምታ እልል አለች። አሁን ማን ያስተኛታል!

የአንኮሬጁ፦
ገንዘቡ የሚከብዳቸው ሌሎች አንባቢዎችም ስለሚኖሩ ሌላ መንገድ ልጠቁም። አላስካ በፈረንጅ ከ1963 ጀምሮ የራሱ የመንግሥት መርከብ አለው፣ ሰውም መኪናም የሚጭን። ከሲያትል በስተሰሜን ካለችው ቤሊንግሃም ይነሳና ኬቺካን ለመድረስ 38 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። መዋኛና ትርዒት የለውም። ሊፍት አለው፣ ለዊልቸር የተሠራ ካቢንም አለ። ሁልጊዜም ዳር ይቆማል፣ ቴንደር የሚባል ነገር የለም። ከላይ ያለው ዴክ ጣሪያው የተሸፈነና ማሞቂያ ያለበት ነው፤ ለተቀመጠ ሰው ትልቅ ነገር ነው። የሚሄደውም በጠባቡ የባሕር ወሽመጥ በደሴቶች መሃል ስለሆነ ዳርቻው ቅርብ ነው። ንስሮቹን ዛፍ ላይ ሆነው በባዶ ዓይን ትቆጥራቸዋለህ።

በተረፈ፣ ጊዜ የሌለውና የምግቡን ነገር ማሰብ የማይፈልግ ሰው ክሩዙን ይያዝ።

የአርባ ምንጭ ልጅ፦
እናንተን ሳነብ ቀናሁ። እኔ ጫሞ ሐይቅ ላይ እንግዳ አስጎበኛለሁ። የአዞ ገበያውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ግዙፍ አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ዳር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ፣ ጉማሬው ብቅ ጥልቅ ሲል፣ ይብራው ከጎናቸው ሲቆም። ይህን የሚያክል ነገር የት ይገኛል? ግን ወደ ጀልባው የሚገባው ከዳርቻው፣ ከጭቃው ነው። ዊልቸር ያለው እንግዳ ሲመጣ ተሸክመን ነው የምናስገባው። በአክብሮት ነው የምንሸከመው። ቢሆንም ፊቱን ሳየው ደስ አይለኝም። ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ አባት «ተወኝ፣ እዚሁ ሆኜ ልያችሁ» ብለውኝ ዳር ላይ ቀሩ። ልጆቻቸው ገብተው እሳቸው ቀሩ። እኛስ ምን ብንሠራ ይሻላል?

ጎማ በጎማ፦
አንተ ወንድሜ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አስጎብኚ አጋጥሞኝ አያውቅም። ውድ ነገር አያስፈልግም። ሊፈታ የሚችል የእንጨት ወይም የአልሙኒየም ራምፕ ይበቃል። ስፋቱ 90 ሴንቲ ይሁን። ርዝመቱን እንዲህ አስላው፦ የጀልባው ጠርዝ ከዳርቻው በ40 ሴንቲ ከፍ ካለ በ12 አባዛው፣ 4.8 ሜትር ይመጣል። በግራና በቀኝ አምስት ሴንቲ ያህል ከፍ ያለ ጠርዝ አድርግለት፣ ጎማ እንዳያመልጥ። ላዩን በአሸዋ የተደባለቀ ቀለም ቀባው፣ ሲረጥብ እንዳያንሸራትት። ጭቃው ላይ የሚያርፈው ጫፍ ሥር ሰፊ ሳንቃ አድርግ፤ አለበለዚያ ይሰምጣል።

ጀልባው ውስጥ ደግሞ አንድ አግዳሚ ወንበር አንሳና ቦታውን ባዶ ተው። ዊልቸሩን በአራት ማዕዘን በገመድ የምታስርበት ቀለበት ወለሉ ላይ አስበይድ። ሰውየውን ግን ከዊልቸሩ ጋር አትሰር፤ የሕይወት መከላከያ ጃኬት አልብሰው። ውኃ ውስጥ ዊልቸሩ መስመጥ አለበት፣ ሰው መንሳፈፍ አለበት። ከመነሳትህ በፊት ደግሞ «እንዴት ልርዳዎት?» ብለህ ጠይቅ። ሳትጠይቅ አታንሳ። እነዚያ አባት ዳር የቀሩት ሸክሙን ጠልተው ሊሆን ይችላል እንጂ አዞውን ጠልተው አይደለም።

የአርባ ምንጭ ልጅ፦
ብየዳውን የሚሠራልኝ ልጅ አለ። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ እንዲህ ያለውን እንግዳ ጠዋት ማስገባት እንዳለብኝም አሰብኩ። ጀልባው ሲናወጥ ራምፑ አይረጋም። ለማኅበራችንም አቀርበዋለሁ። የሕንፃ አዋጁ የሕዝብ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ የሐይቅ ዳርቻውን ግን እኛው ካልሠራነው ማንም አይሠራልንም።

አባ ቀጥታ፦
አንድ ነገር ልጠይቅ። እናቴ ሜሪላንድ አሉ፣ እሳቸውም ዊልቸር ላይ ናቸው። ወደ ሲያትል በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው ስኩተሩን ይዞ መብረር ይችላል?

ጎማ በጎማ፦
ይቻላል። ጣጣው ባትሪው ነው። የሚወጣ ሊቲየም ባትሪ ከሆነ ከ300 ዋት ሰዓት ማለፍ የለበትም። ባትሪው ላይ ቮልቱንና አምፔር ሰዓቱን ፈልግና አባዛ። 24 ቮልት በ12 አምፔር ሰዓት 288 ይመጣል፣ ያልፋል። 24 በ15 ከሆነ 360 ነው፣ አያልፍም። የወጣውን ባትሪ በእጅ ይዘህ ትገባለህ፣ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ለአየር መንገዱ ቀደም ብለህ ንገራቸው። ካልሆነ ደግሞ ስኩተር ካቢንህ ድረስ አምጥተው የሚያከራዩ አሉ።

እናትህን ስላሰብክ ደስ ብሎኛል።

የሲያትሏ ልጅ፦
ያዝኩ! ግሌሸር ቤይ የሚገባ፣ በሁሉም ወደብ ዳር የሚቆም፣ የካቢኑ በር 81 ሴንቲ። በኢሜይል ጽፈው ልከውልኛል። ስኩተሩ ለመርከቡ፣ የሚታጠፈው ዊልቸር ለጀልባው። መመለሻ ላይ ካናዳ ቪክቶሪያ ይቆማል ተባልኩ። እኔ ዜግነት አለኝ፣ እማዬ ግን ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያላት። ካናዳ ቪዛ ያስፈልጋታል?

የአንኮሬጁ፦
አያስፈልጋትም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርቱንና ግሪን ካርዱን ሁለቱንም ይዞ ከታየ ካናዳ ያለ ቪዛ ታስገባለች። ፓስፖርቷ ጊዜው እንዳያልፍ ዛሬውኑ እዪው፤ የኛን ፓስፖርት ማሳደስ ጊዜ ይወስዳል።

የጁኖ ሹፌር፦
ጁኖ የምትደርሱበትን ቀንና መርከቡ የሚቆይበትን ሰዓት እዚህ ጻፊልኝ። የዚያን ዕለት ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት አይቼ የትኛውን ጀልባ እንደምትይዙ እነግርሻለሁ።

የሲያትሏ ልጅ፦
ጁላይ 24 ነው፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽት 4 ሰዓት፣ በሐበሻ አቆጣጠር።